የሦስተኛው ጉቶ ነገር

ለምወድህ፣ ግን ገና ላልማርኩህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ሰላም ናቸው? ትንሿ እስካሁን ትምህርት ቤት ሳትገባ አትቀርም፤ አንተ ስለማትነግረኝ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የማሳድጋት። እኛ ከአባባ ጉልበትና ከእኔ ምላስ በስተቀር ደህና ነን። የአባባ ጉልበት ያው እንደምታውቀው ነው። የእኔ ምላስ ግን ብሶበታል፤ ይህን ደብዳቤ ስትጨርስ ራስህ ትመሰክራለህ።

በዓመት አንዴ ሁለት መስመር እንደምትልክልን አልረሳሁም። ሰላም ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ አባባን ሰላም በይልኝ። በቃ! ሥራ የበዛበት አንተ ብቻ የሆንክ ይመስል። ዛሬ እኔን ሁለት መስመር አይበቃኝም፤ አረፍ ብለህ ቁጭ በል። የምጽፍልህ ፈቃድ ልጠይቅህ አይደለም። ያደረግሁትን ላሳውቅህ ነው፤ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ቢሮ ነው። የከተማው መናፈሻ ክፍል ውስጥ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። ምን ምን የሠራሁ ይመስልሃል? አግዳሚ ወንበር፣ የአበባ መደብ፣ የቆሻሻ መጣያ። አንድ ጊዜ የእርግብ ቤት ነድፌ ነበር፤ እርግቦቹ ዞር ብለውም አላዩት። ዘንድሮ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለው ባዶ መሬት የወጣቶች ስፖርት መሥሪያ ይሁን ተባለ። ይሄኔ አባባ ዱላ የሚያስተምራቸው ሃያ አምስት ጎልማሶች ኮሚቴ አቋቁመው ማመልከቻ አስገቡ። በየሰፈሩ እንዳለው ዓይነት የብረት መወጣጫ ተገዝቶ ከሚተከል፣ በአባቶቻችን የዱላ ጨዋታ፣ በምከታ አምሳል ይሠራልን አሉ። ኃላፊያችን ማመልከቻውን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ የመምህሩ ልጅ አንቺ አይደለሽም እንዴ አለኝ። ነኝ አልኩት። በይ እንግዲያው ብሎ ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

ጓሯችን ትዝ ይልሃል? እነዚያ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ሰባት ጉቶዎች፣ ጠመዝመዝ ብለው እስከ አጥሩ የሚሄዱት? አንተ ዱላህን ይዘህ ከአንዱ ወደ አንዱ ትራመዳለህ፣ አባባ ከፊትህ ሆኖ ይሰነዝራል፣ አንተ ትመክታለህ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ እርምጃ እቆጥራለሁ። ለሴት ልጅ ዱላ አይሰጥም፣ ቁጥር ግን ይሰጣል! አባባ ሥራ ሲሄድ ግን እጄን ይዘህ ጉቶው ላይ የምታወጣኝ አንተ ነበርክ። እግር ካልተማረ እጅ ውሸታም ነው እያልክ በአባባ ድምፅ ትቀልድ ነበር። ሰባቱንም ዓይኔን ጨፍኜ እስክራመድ ድረስ አልለቀቅኸኝም። ለማንም እንዳትናገሪ አልከኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ ቤት ምስጢር በመጠበቅ ማን ይበልጠኛል?

ንድፉ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሰባቱን ጉቶ ሰባት ምሰሶ አደረግኳቸው። ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ውስጡ በሲሚንቶ የተሞላ፣ አናቱ ጎማ የለበሰ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። ከላይ ሰፊ የብረት ማዕቀፍ፤ ከማዕቀፉ ላይ ደግሞ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ዱላዎች። ሰው ከምሰሶ ምሰሶ ሲራመድ ዱላዎቹ እየተወዛወዙ ይመጡበታል፤ ወይ ይመክታል፣ ወይ ጎንበስ ይላል፣ ወይ ይቀምሳል። ተጋጣሚ የሌለው ልጅ ብቻውን መጥቶ መለማመድ ይችላል። ከሥሩ አሸዋ፣ የወደቀ እንዳይሰበር። እውነቴን ነው፣ ስንት ዓመት ወንበር ስስል ኖሬ ይህን ስሠራ እንቅልፌን እንኳ የምተኛው እየሣቅኩ ነበር። ብረቱን የሚበይድልን በያጅ ንድፉን ሲያይ፣ ይቺ ነገር ሰው ትደበድባለች እንዴ አለኝ። ያለ ደመወዝ አልኩት።

የምሰሶዎቹን ርቀት ለማወቅ ሜትሬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ከአንደኛው ጉቶ እስከ ሁለተኛው ስድሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አርባ አንድ። ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ሰማንያ ሦስት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ስድሳ ሁለት ናቸው። ተሳስቼ ነው ብዬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። አካፋ አመጣሁና ሦስተኛው መሆን የነበረበትን ቦታ ቆፈርኩ። አንድ ስንዝር ሳልወርድ የድሮው ጉቶ ወጣ፤ ከላይ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ከሥሩ በስብሶ፣ ግን ልክ ስድሳ ሁለቱ ላይ። አንተና እኔ የረገጥነው እሱን ነበር። አሁን ያለውን አባባ በኋላ ነው ያመጣው።

አባባ ግቢውን ለውጭ ተማሪ የከፈተው አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ ይህን አታውቅም። ተማሪዎቹ ያቺን አጭር እርምጃ ምን ብለው እንደሚጠሯት ልንገርህ? ስውሯ እርምጃ! የምከታ ምስጢር ናት ይላሉ። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጥርስ ሐኪም ነው፣ ስለ እሷ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተምራል። ሦስተኛዋ ላይ ሰብሰብ ትላለህ፣ ባላጋራህ የፈራህ መስሎት ይዘናጋል፣ ያኔ በአራተኛው ዘለህ ትደርስበታለህ ይላል። ድሮ አባባን ለምን አጠረች ብለው ጠይቀውት ነበር አሉ። ዝም አላቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እነሱም ትርጉሙን ራሳቸው ሠሩለት።

ወይ ጉድ! የምን ምስጢር? ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሰው ስድሳ ሁለት መራመድ ሲያቅተው ጉቶውን ወደ እግሩ አቅርቦ ተከለው፣ አለቀ። ሃያ አምስት ጎልማሳ የአንድን ሰው ማነከስ ጥበብ ነው ብሎ ተምሮ ይኖራል። እነሱ ደግሞ ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። ልጆቹ ከአጭሯ ወደ ሰማንያ ሦስቷ ሲዘሉ ይውሉና ግማሾቹ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የጉልበት ማሰሪያ አድርገው ነው የሚሄዱት። ይህን እያየሁ በሲሚንቶ ልተክለው ነው? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ጉልበቱ እንዴት እንደተጎዳ ለሰው የተነገረውን ታውቃለህ። ከመሰላል ወደቀ። እማማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች እሱኑ ተናገረች። እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለጠየቀኝ ሁሉ መሰላል፣ መሰላል ስል ከረምኩ። ቤታችን መሰላል ኖሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ሱቅ ተልኬ ስለነበር የሚቆጥርላችሁ ሰው አልነበረም። ስመለስ አባባ ጓሮ ውስጥ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ ቆመሃል፣ ፊትህ አመድ መስሏል። በሳምንቱ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ያኔ አልጠየቅኩህም፣ አሁንም አልጠይቅህም።

ንድፉን ለኮሚቴው ያቀረብኩ ዕለት ጥርስ ሐኪሙ ጣቱን ሦስተኛው ምሰሶ ላይ አድርጎ፣ እህቴ እዚህ ጋ ተሳስተሻል አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። ስውሯ እርምጃ የታለች አለ። የለችም፣ ስድሳ ሁለት ነው አልኩ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ፣ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነው፣ ዱላ ይዛ የማታውቅ ሴት ስለ ምከታ ምን ታውቃለች ብሎ ተነሳ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ይሄ እንኳ በሴት ተጀምሮ በሴት ያልቃል አልኩት። ኃላፊያችን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የልጆቻችሁን ጉልበት አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ማሰሪያውን የምትገዙት እናንተ አይደላችሁም ወይ? እያልኩ ተንጨረጨርኩ።

ጥርስ ሐኪሙ አልተቆጣም። ክፋቱ ጨዋ ሰው መሆኑ ነው። መምህራችን ይህ ምከታ ነው ብለው በእጃቸው ይፈርሙ፣ እኛ አፋችንን እንይዛለን አለ፤ ካልፈረሙ ግን በሐሰት ምከታ ላይ ልጆቻችን አይወጡም፣ ቢሮው የብረት መወጣጫውን ይትከል። ኃላፊያችን ነገሩን ሊያበርድ ፈለገና ለሙከራ ስድስቱ ምሰሶዎች ይተከሉ፣ የሦስተኛው ጉድጓድ ፊርማው እስኪመጣ ክፍት ይቆይ ብሎ ወሰነ። ሦስት ሳምንት ሰጡኝ።

አባባ ይፈርማል ብዬ መንገዱን ሁሉ ስፎክር ነው ቤት የገባሁት። ንድፉን አልጋው ላይ ዘረጋሁለት። እያንዳንዱን ምሰሶ በጣቱ እየነካ ሄደ፤ ማዕቀፉን ሲያይ ፈገግ አለ፣ ይቺን ማን አሰበልሽ አለኝ። ራሴ አልኩት። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ሲደርስ ጣቱን አነሳ። ጥሩ ነው፣ ሦስተኛዋን ግን እንደነበረች አድርጊያት አለ። እንደነበረች ነው ያደረግኳት አልኩት። አልፈርምም አለ። ያኔ ጮህኩበት። አዎ፣ አባባ ላይ! መምህሩ አንካሳ ነው እንዳይሉህ ነው? ለክብርህ ብለህ የሰው ልጅ ታስነክሳለህ? አልኩት። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። ሳህን አስቀምጥለታለሁ፣ ሳህን ይመልስልኛል።

በአራተኛው ቀን ልብስ ሳጣጥፍ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስሚ አለኝ፤ ያቺ ጉቶ ቦታዋ ከተመለሰች ሰው መጀመሪያ ለምን ተነሳች ይላል፤ ጉልበቴ ነው ብል ጉልበትህን ምን ነካው ይላል። መሰላል ነዋ አልኩት። አልሳቀም። መሰላሉን ጎረቤት ይመነው፣ ዱላ የያዘ ሰው ግን ዱላ ያረፈበትን እግር ያውቃል አለኝ። ቀጥሎም፣ ጉልበት ላይ የመታ ሰው በምከታ ነውረኛ እንደሚባል ታውቂያለሽ አለና ዞሮ ሄደ።

ሸሚዙ እጄ ላይ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ኩሩ ሽማግሌ ለራሱ ነው የሚዋሸው ስል፣ ለካ ለራሱ አልነበረም። አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በአንተም፣ በእማማም፣ ባልነበረው መሰላልም። እሺ፣ ለፍቅር ነው የተዋሸው። ታዲያ የሰው ልጅ ጉልበት ምን በወጣው? እናንተ ሁለት ወንዶች አንድ ቀን ተቀምጣችሁ መነጋገር ስላቃታችሁ የማላውቃቸው ልጆች ሲያነክሱ ይኑሩ? አልኩ ለራሴ፤ አይሆንም።

በማግስቱ ቦታው ላይ ሄጄ በያጁን ሦስተኛውን ትከል አልኩት። ፊርማውስ አለኝ። እኔ እፈርማለሁ አልኩ። እስከዛሬ በሠራሁት ሁሉ ሥር የሚጻፈው የኃላፊያችን ስም ነው፤ የእርግብ ቤቱ ላይ ብቻ ነው የእኔን የተዉልኝ። በዚህኛው ላይ ንድፉን የሠራችው ብዬ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩት። ሲሚንቶው ሲፈስ ሜትሬን ዘርግቼ ቆሜ ነበር። በያጁ፣ ነገ ካባረሩሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ፣ ትርፍ የብየዳ መነጽር አለኝ አለኝ። አንተ ነህ ወንድም አልኩት፤ ይቅርታ፣ ብያለሁ።

የቀጠሮው ቀን ኮሚቴው ጠዋት መጣ። አባባ አይመጣም ብዬ ነበር፤ ከዘራውን ተደግፎ መጣና አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊያችን ምሰሶው ተተክሎ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ማን አዘዘ አለ። እኔ አልኩ። ጥርስ ሐኪሙ ጃኬቱን አውልቆ አጣጠፈና፣ ሞክረን እናሳይሽ ብሎ ዱላውን ይዞ ወጣ። አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ከዚያ እግሩ ስውሯን ፈለገ። የለችም! አየር ረግጦ አሸዋው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። አልሳቅኩም፤ ማለቴ ወዲያው አልሳቅኩም። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ቀጠለ፣ እሱም እዚያው ወደቀ። አምስት ሰው በተራ አሸዋ ቀመሰ። ጥርስ ሐኪሙ ከጢሙ ላይ እያራገፈ፣ አየሽ፣ ምከታ የሚያውቅ ሰው ሊራመድበት የማይችል ነገር ነው የሠራሽው አለኝ። ኃላፊያችንም አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገ ይነቀል ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት።

ጫማዬን አወለቅኩ። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጎጥኩና የጥርስ ሐኪሙን ዱላ ከአሸዋው አነሳሁ። እግሬ አልፈራም ነበር። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ወጣሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት፤ እግሬ ጎማው መሀል ላይ ቁጭ አለ። አራት፣ አምስት፣ ዱላውን ከትከሻ በላይ አዙሬ፣ ግራ ክርኔን ወደ ውጭ ወጣ አድርጌ፣ ስድስት። ያ ክርን የአንተ ጥፋት ነው። አባባ ስንቴ ተቆጥቶህ አልተውከውም፤ እኔም ከነጥፋቱ ነው የተማርኩት።

ይሄኔ አባባ ከድንጋዩ ተነስቶ ስምህን ጠራ። ስምህን! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን። ሰው ሁሉ ማን መጣ ብሎ ወደ በሩ ዞረ፤ ማንም አልነበረም። ሰባተኛውን ረግጬ ቆምኩ፤ በያጁ ነው እጄን ይዞ ያወረደኝ።

አባባ አለቀሰ አልልህም፣ ዓይኑ አቧራ ገባው ልበልህ። አምጪው አለኝ። ንድፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከስሜ ሥር ፈረመ። ጥርስ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ፣ መምህር፣ ስውሯ እርምጃስ አለው፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር፣ አሳዘነኝ። አባባም፣ ስውር አይደለችም ልጄ፣ ጉልበቴ ነው አለው። ምን ነክቶዎት? አለ። አባባ ቀና ብሎ ሁላቸውንም አየና፣ በጨዋታ ላይ ተመታሁ፣ የመታኝ ከእኔ የተሻለ ነበር አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ከእሱ የተሻለ ማን እንዳለ ሁሉም በየልቡ ሲፈልግ ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ማዕቀፉ ዛሬ እየተበየደ ነው። ኃላፊያችን ያለ ፈቃድ ምሰሶ ተክለሻል ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቶኛል፤ በፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሃያ አምስቱም ጎልማሶች በየማለዳው እየመጡ እንደ ሕፃን እርምጃ እየተማሩ ነው፣ ቆጣሪያቸው እኔ ነኝ። ተቆጣኸኝ? ተቆጣ። ከተቆጣህ ደግሞ በሁለት መስመር አትቆጣ፣ እንደ ሰው ረጅም ጻፍልኝ፤ ካልሆነም መጥተህ ፊት ለፊት ተቆጣኝ።

ትናንት ከቦታው ስንመለስ አባባ ክንዴን ይዞ ሲራመድ፣ ትጽፊለታለሽ አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ሄደና ቆመ። እንዲህ በይው አለኝ፤ የዚያን ቀን የእሱ እርምጃ ልክ ነበር። ያለ ቦታው የቆመው የእኔ እግር ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እግርህን እንቅፋት አይምታው፤ ልጆችህ ይደጉልህ፣ ቤትህ ይሙቅ፣ ያሰብከው ይሙላልህ። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ስለሆነ በደንብ ተቀበለው።

ታናሽ እህትህ